ኮምፒውተሩን ማን ያጥፋው?

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በጊዳ አያና በኩል ተጉዞ ኪራሙ የደረሰ ሰው ማታ ላይ አንድ ጩኸት መስማቱ አይቀርም፦ «ኢብሳን ባዴ!» አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤት ያንኑ ጩኸት «መብራት ሄደ!» ብሎ ይቀበለዋል። ሁለቱም ቋንቋዎች ኤሌክትሪክን የሚቆጥሩት እንደ ሰው ነው። ኦሮምኛው ጠፋ ይለዋል፣ አማርኛው ሄደ ይለዋል፤ የት እንደ ሄደና መቼ እንደሚመለስ ግን በሁለቱም ሰዋስው ውስጥ አይገኝም። በዚያች ቅጽበት ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፤ ፍሪጁ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም ይላል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተርም ሴቭ ያልተደረገ ግማሽ ገጽ እንደ ያዘ ይጨልማል። ለእንጀራው የሚያዝን አለ፤ ለተረፈው ሊጥም መላ ይፈለግለታል። ለኮምፒውተሩ ግን ማንም ከንፈር አይመጥም። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ ባለቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያጠፋው የቆየው አዝኖለት መሆኑ ነው። «ማብራት ማጥፋቱ ይጎዳዋል» ብሎ ነበር።

ይህ እምነት የወለጋ ከተሞች ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተር በገባበት ሁሉ አብሮ ገብቷል። እንዲያውም ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ የዘር ሐረግ አለው። አሜሪካኖች በ1938 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳዩት ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር አንድ ትልቅ አዳራሽ የሚሞላ ሲሆን፣ ከ17,000 በላይ አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦዎች ነበሩት። ቱቦዎቹ በብዛት የሚቃጠሉት ማሽኑ ሲበራና ሲጠፋ፣ ማለትም ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ ከማጥፋት እንደ በራ መተዉን መረጡ። ማሽኑ የሚፈጀው 150 ኪሎ ዋት ነበር፤ በእኛ መለኪያ አርባ ሦስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ እንደ ማለት ነው። ለዚያ ማሽን ምክሩ ልክ ነበር። ችግሩ ቱቦዎቹ ወደ ሙዚየም ሲገቡ ምክሩ አብሯቸው አለመግባቱ ነው። ዛሬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ በርቶ የሚያሳድረው ሰው፣ ሳያውቀው የኤኒያክን ኑዛዜ ይፈጽማል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። «ይጥፋ ወይስ ይብራ» ብሎ መሟገት መብራት ለማይሄድባቸው አገሮች የሚያምር ክርክር ነው። እኛ ዘንድ ኮምፒውተሩ መጥፋቱ አይቀርም። የቀረን ምርጫ ማን ያጥፋው የሚለው ብቻ ነው፦ ባለቤቱ ወይስ መስመሩ?

ከኪስ እንጀምር። አንድ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው በርቶ ሲቀመጥ ሳጥኑ 60 ዋት፣ ጠፍጣፋው ስክሪን ደግሞ 20 ዋት ይወስዳል እንበል። በቀን 4 ሰዓት ተሠርቶበት የቀረውን 20 ሰዓት እንዲያው በርቶ ካሳለፈ፣ በከንቱ የሚሄደው 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በ30 ቀን 48 ይሆናል። ኪሎ ዋት ሰዓት በእጅ የሚጨበጥ ነገር ስላልሆነ ወደ እንጀራ እንመንዝረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ያ ማንም ሳይቀመጥበት የከረመ ኮምፒውተር በወር ሰባት ጊዜ ያህል አስጋግሮ በልቷል ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ ለሚጋግር ቤት ይህ ማለት ያልታወቀ ሌላ ቤተሰብ መቀለብ ነው፤ ደግነቱ ወጥ አይጠይቅም። ስክሪኑ ያ ጀርባው እንደ ቦርጭ የወጣው የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብቻውን 70 ዋትና ከዚያም በላይ ስለሚጎርስ፣ ሂሳቡ ከእንጀራ አልፎ ድግስ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ዓሣ ሲዋኝ ወይም ቧንቧ ሲጠማዘዝ ያየ ሰው ኮምፒውተሩ ያረፈ ይመስለዋል። ያ ሥዕል የተፈጠረው አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም የድሮውን ስክሪን ፎስፈር እያቃጠለ ጠባሳ እንዳይተውበት ነው እንጂ መብራት ለመቆጠብ አይደለም። ዓሣው ሲዋኝ ስክሪኑ እንደ በራ ነው፤ ኮምፒውተሩም ዓሣ እየሣለ ነው።

ወደ ማርጀቱ ስንመጣ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ያለው አብዛኛው ዕቃ ዕድሜው የተመተረው በሰዓት ነው። ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ቅባቱ ይደርቃል፤ ጠዋት ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያንጓራው ለዚህ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የተደረደሩት ጣት የሚያካክሉ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሙቀት ቀስ እያለ ያደርቀዋል። የሙያው ሰዎች የሚመሩበት ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚያጥር ይናገራል። የስክሪኑ የጀርባ መብራት ብዙውን ጊዜ 30,000 ሰዓት ገደማ ይሰጠዋል። ቀንና ሌሊት ከበራ ሦስት ዓመት ተኩል አይሞላውም፤ በቀን 5 ሰዓት ብቻ ከበራ 16 ዓመት ያልፋል። በዚህ ላይ የወለጋን የበጋ ቀይ አቧራ ጨምሩበት፤ የሚዞር ማራገቢያ አየር ብቻ መርጦ አይስብም፣ ከነአቧራው ነው የሚያስገባው። ከዚያ ደግሞ ዳንቴሉ አለ። በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ከቴሌቪዥን ተርፎ ኮምፒውተር ላይ ከወጣ ቆይቷል። የጠፋን ኮምፒውተር መሸፈን ከአቧራ ስለሚያድነው ብልህነት ነው። የበራውን መሸፈን ግን ትኩሳት የያዘውን ሰው ጋቢ ደርቦለት ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ነው፤ ሙቀቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ያሉት በትክክል አበባው የተጠለፈበት ቦታ ላይ ነውና።

«የለም» የሚሉ አሉ፤ እነሱም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ዕቃ በበራና በጠፋ ቁጥር ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ይህ መለጠጥና መሰብሰብ ብየዳውን ያደክመዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም ከቆመበት ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ከመሄዱ ይልቅ መነሣቱ ይከብደዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የቀረው መጠናቸውን ማየት ነው። ብዙ የጠረጴዛ ሃርድ ዲስኮች 50,000 ጊዜ ያህል ተነሥተው እንዲቆሙ ታስበው የተሠሩ ነበሩ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚያጠፋና የሚያበራ ሰው ይህን ቁጥር ለመጨረስ 45 ዓመት ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ ኮምፒውተሩን በትምህርት ቤት ሳለ የገዛው ልጅ ጡረታውን ይጠባበቃል። ጎግል በ1999 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ዲስኮች ላይ በማብራት ማጥፋት ብዛትና በመበላሸት መካከል ይህ ነው የሚባል ዝምድና አልታየም። ሦስት ዓመት በሞላቸውና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ግን ጥቂት ብልሽት ጨምሮ ታይቷል። ተቃዋሚዬ ይህን ይዞ ከመሮጡ በፊት፣ አጥኚዎቹ ራሳቸው የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ይስማ፦ ቀድሞውኑ የታመመ ማሽን ለጥገና ደጋግሞ ስለሚጠፋና ስለሚበራ፣ ማጥፋቱ የበሽታው ምክንያት ሳይሆን ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ደጋግሞ የሚሄድ ሰው ቶሎ ቢሞት ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም።

ደግሞም ማብራት ማጥፋት ይጎዳል ካልን፣ ጉዳቱን ማን እያደረሰ እንደሆነ እንይ። በእጁ የሚያጠፋ ሰው በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ያጠፋል። መስመሩ ግን እንዲህ አይደለም። መብራት ሲመለስ አንዴ መጥቶ አይቀመጥም፤ እንደ ዓይን አፋር እንግዳ ብቅ ብሎ ይመለሳል፣ እንደገና ብቅ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ይገባል። «ኢብሳን ዱፌ!»፣ መብራት መጣ፣ ያሉት ልጆች ጩኸታቸውን ሳይጨርሱ ይውጡታል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ በሶኬት ላይ የተረሳው ኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ተመትቷል። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ባዶ የሆነ ካፓሲተር ኃይል ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ስለሚጎርስ፣ ለሰከንድ ሽራፊ ከልማዱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይስባል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ የሰፈሩ ምጣድ፣ የሰፈሩ ፍሪጅና የሰፈሩ ምድጃ ማንም ስላላጠፋቸው አብረው ይነሣሉ። 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ ያሽቆለቁላል፤ የድሮው ዓይነት አምፖል ባለበት ቤት ክሩ መጀመሪያ እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ወዲያው ከፊሉ ሸክም ሲወርድ ቮልቴጁ ሽቅብ ይዘላል፤ ስታቢላይዘሩ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ሲከተለው ይሰማል። ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ደግሞ ዕቃው ቢተርፍ እንኳ ፋይሉ ላይተርፍ ይችላል፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ኤስኤስዲ እንኳ በጽሕፈት መሃል ኃይል ሲያጣ የጻፈውን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ባለቤቱ «አንዴ ማጥፋት ይጎዳዋል» ብሎ የተወው ማሽን፣ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ያለ ወግ ያለ ማዕረግ ጠፍቶ፣ ሦስት ጊዜ በጥፊ ተቀስቅሷል።

«ታዲያ ዩፒኤስ ለምን ተፈጠረ?» ይባላል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ የተፈጠረበትን ሥራ ከሠራ። በብዙ ቤት ያለው ትንሹ ዩፒኤስ ተፈትቶ ቢታይ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሚል የተጻፈበት አንድ ባትሪ ነው ያለው። ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ላይ 80 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተርን አንድ ሰዓት የሚያንቀሳቅስ ይመስላል፤ ባትሪ ሲጣደፍ ግን የያዘውን ሁሉ አይሰጥም፣ ከዚያም ላይ ኃይሉን ቀይሮ ማውጣቱ የራሱን ድርሻ ስለሚያስቀር፣ ሩብ ሰዓት ወይም ጥቂት በላይ ቢቆይ መልካም ነው። «ቲጥ፣ ቲጥ» ማለቱ ትርጉሙ «ሴቭ አድርግና ዝጋ» ነው። እኛ ግን «ቶሎ ቶሎ ጨርስ» እንዳለን ቆጥረን የቀረችውን ፊልም እናያለን፤ ጩኸቱ ሲጠናም ድምፅ እንጨምራለን። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው መሟጠጥና ባዶውን መክረም አይወድም፤ በተሟጠጠ ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። ስለዚህ ዩፒኤስ ማጥፋትን የሚያስቀር ዕቃ አይደለም፤ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ የሚገዛ ዕቃ ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፣ የሚወስደውም ብዙውን ጊዜ ከጠረጴዛው ኮምፒውተር ከግማሽ በታች ነው። እሱም ቢሆን ቀን ከሌት መቶ በመቶ ሞልቶ ከነቻርጀሩ አልጋ ላይ ሲከርም ባትሪው ቶሎ ያረጃል፤ የሊቲየም ባትሪ ጥጋብና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑበት አይስማማውም። ብዙዎቹ ላፕቶፖች 80 ከመቶ ላይ መሙላት እንዲያቆሙ የሚያዝ ማስተካከያ ያላቸው ለዚህ ነው።

ሌላው ሙግት የጊዜ ነው። «ሲከፈት ይዘገያል፣ ደግሞም ኢንተርኔት ርካሽ የሚሆነው ሌሊት ነው፤ ያውርድበት» ይባላል። የሌሊት ፓኬጅ ያለው ሰው እውነት አለው፤ ሲያወርድ ይደር። ለዚያ ግን ስክሪኑ መብራት የለበትም፤ ስክሪን ጠፍቶም ፊልሙ ይወርዳል፣ ዓሣውም ይተኛል። ሥራ የሌለበት ኮምፒውተርን በተመለከተ ደግሞ ሠሪዎቹ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ ሰጥተውታል፤ ሁለቱን መለየት እዚህ አገር ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል። ስሊፕ የሚባለው የቁም ሸለብታ ነው፤ ጥቂት ዋት ብቻ እየወሰደ የተሠራውን ሁሉ በሜሞሪው ይዞ ይቆያል። የዚህ ሜሞሪ ጠባይ ግን ኃይል ሲቋረጥ ሁሉንም መርሳት ነው። መብራት በማይሄድበት ከተማ ስሊፕ ይበቃል፤ መብራት በሚሄድበት ከተማ በስሊፕ የተተወ ጽሑፍ ከገደል አፋፍ ላይ እንደ ተኛ ሰው ነው። ሃይበርኔት የሚባለው ግን የተሠራውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሶኬቱ ቢነቀል፣ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ሳምንት ቢያልፍ ግድ የለውም፤ ሲከፈት ካቆመበት ይጀምራል። ችኩልነትን የሚያረካው፣ ኪስንም የሚጠብቀው ይህ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ትእዛዝ ከማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ በማስተካከያው ገብቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከባዱ ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ኩሩው ነው፦ «አሁን እኮ ህዳሴ ግድብ አለን!» አለን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የወለጋ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ የሚኮራበት ምክንያት አለው፤ አንገርና ዴዴሳ የሰበሰቡት ዝናብ ወደ አባይ ገብቶ ጉባ ላይ ተርባይን ያዞራል። እንዲያውም የፊንጫ ውሃ በጎረቤት ሆሮ ጉዱሩ፣ የጮመን ረግረግ ሐይቅ ከሆነበት ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኃይል ሲሰጥ ኖሯል፤ ዛሬ 134 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ጣቢያ ካለፈ በኋላም አባይ ገብቶ ጉባ ላይ እንደገና ይሠራል። አንድ ውሃ ሁለት ደመወዝ ይበላል። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ነው፣ ኪራሙ አንድ ጓዳ ማድረስ ሌላ ነው። በመካከሉ ረጅም መስመር፣ የእንጨት ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ዛፍ አለ፤ ጉባ ላይ የተጨመረ ተርባይን ከሰፈሩ በላይ ያለውን የተጨናነቀ ትራንስፎርመር አያበርድም። 1,870 ሜጋ ዋቱ ጊቤ 3 ተመርቆም በግንቦት 2011 ዓ.ም. ውሃው ሲቀንስ አገሩ ሁሉ ወደ ፈረቃ መመለሱን ያልረሳ፣ ግድብ ዝናብ እንደማያዝዝ ያውቃል። ሂሳቡም እንደ ድሮው አይደለም፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጎ ወጥቷል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ደግሞ ብዙ የሚፈጅ ሰው ለአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ይበልጣል። የመጀመሪያው እርከን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ያ ሰባት ጊዜ የሚያስጋግረው ኮምፒውተር ብቻውን 48 ወስዶ እርከኑን ይሞላዋል፤ ባለቤቶቹም እራታቸውን በሁለተኛው እርከን ዋጋ ያበስላሉ።

እንግዲህ ኪስን መጠበቅና ዕቃን መጠበቅ የሚጣሉ መስለው የቆዩት፣ አጥፊው ሁልጊዜ ባለቤቱ ነው ብለን ስላሰብን ነው። መስመሩ ሊያጠፋው እንደሚችል ከቆጠርን ሁለቱ ይታረቃሉ፤ ሥራ ሲያልቅ ዘግቶ የዲቫይደሩን ማብሪያ ማጥፋት፣ ወይም ሶኬቱን መንቀል። ዲቫይደሩን ማጥፋት የሚያድነው ከምት ብቻ አይደለም፤ ተዘጋ የተባለ ስፒከር፣ ፕሪንተርና ዲኮደር እያንዳንዱ ቀይ መብራቱን አብርቶ አንድም ሁለትም ዋት ይመጠምጣል፤ አንድ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሲቆይ ከ8 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከአንድ ቀን ጋገራ ያልፋል። የቀረው መብራት በተመለሰ ጊዜ አለመጣደፍ ነው። ለፍሪጅ የሚገጠም፣ ኃይል ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ መሣሪያ ገበያ ላይ አለ፤ ለኮምፒውተር ግን ወለጋ ከዚያ የተሻለ ማዘግያ አላት። ልጆቹ «ኢብሳን ዱፌ!» ሲሉ እጅ ወደ ሶኬት ሳይሆን ወደ ጀበና ይሂድ። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ የሰፈሩ ምጣዶች ተገፋፍተው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ስታቢላይዘሩም ማንኳኳቱን ይተዋል። መብራቱ እስከ አቦል ከቆየ ዲቫይደሩ ይብራ፤ አቦሉ ሳይደርስ ከሄደ ደግሞ፣ የሄደው መብራቱ ብቻ ነው።